የወጌሻዋ እግር

እናቴ ወጌሻ ነበረች። አቃቂ በሰቃ ውስጥ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ትከሻው የወለቀበት ወይም ክንዱ የተሰበረበት ሰው ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት የእኛን የቆርቆሮ በር ያንኳኳ ነበር። ባቡሩ በነበረ ጊዜ ጭነት የሚያወርዱ ወዛደሮች፣ ኋላም ከቃሊቲ ፋብሪካዎች በጓደኛቸው ትከሻ ተደግፈው የሚመጡ ሠራተኞች በእሷ እጅ አልፈዋል። ሙያውን የወሰደችው ከአባቷ ነው። እሱ የበሬንም የሰውንም አጥንት ይጠግን ነበር ይባላል፤ እሷ ግን ሰው ብቻ ነበር የምትነካው።

ስትሠራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ያበጠውን ቦታ ቅባት ቀብታ በሁለት አውራ ጣቶቿ ቀስ ብላ ትዳብሳለች፤ በመሃል ስለ ልጆቹ፣ ስለ ኑሮው እየጠየቀች ሰውየውን ታዘናጋዋለች፤ ሰውየው ሊመልስላት አፉን ሲከፍት አጥንቱን ጎትታ ታስገባዋለች። «አጥንት በዓይን አይታይም» ትል ነበር። ጩኸቱ እስከ መንገድ ይሰማል። ከዚያ ሰውየው እንባውን ጠርጎ እየሳቀ ይወጣል።

የእኔ ሥራ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በዓይን ነው። ቃሊቲ በሚገኝ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ጨርቁ በመብራት ላይ ሲያልፍ ክሩ የተበጠሰበትን፣ ቀለሙ የዘለለበትን እየፈለግሁ ምልክት አደርጋለሁ። ጉድለት መፈለግ ከጀመርኩ ሃያ ስምንት ዓመት ስላለፈኝ ጠባዬም እንደ ሥራዬ ሆኗል። እናቴ «አንቺማ ገነት ብትገቢ በሩ ተንሻፏል ትያለሽ» ትለኝ ነበር። ባል ያላገባሁትም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። ለሁለት አንድ ቤት ውስጥ እየተነታረክን፣ ደህና ኖረናል።

መጀመሪያ የተሰበረው እጇ ነው። እግሯ ከመሰበሩ ከሦስት ዓመት በፊት የልብስ እጣቢ ልትደፋ ወጥታ አዳለጣትና በመዳፏ መሬቱን ተደገፈች። አወዳደቋ ሰው የሚሰበርበት አልነበረም፤ ልጅ ቢሆን ተነስቶ ይሮጣል። የቀኝ አንጓዋ ግን ወዲያው አበጠ። እታች ሰፈር ያለውን ወጌሻ ልጥራ ብላት «እሱ? እሱ የወንበር እግር እንኳ አያቃናም» ብላ ተቆጣች። ስለዚህ እኔ ክርኗን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ፤ እሷ በግራ እጇ እየዳበሰች ያዘዘችኝን አደረግሁ። ሸምበቆ ሰንጥቄ፣ ያረጀ ነጠላ ቀድጄ አሰርኩላት። በሁለት ወሩ ዳነ። ትንሽ ተጣሟል፤ ሽንኩርት ከመክተፍ ግን አልከለከላትም።

ሰፈሩ ይህን እንደ ተአምር አወራው። እኔም ፋብሪካ ውስጥ በምሳ ሰዓት ስንቴ እንዳወራሁት አላውቅም። ራሷን በራሷ ጠገነች እያልኩ እኮራ ነበር። አንዲት ሴት እንደዚያ ባለ ትንሽ አወዳደቅ ለምን ተሰበረች ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ለሁሉም ነገር ስህተት የማላጣው እኔም አልጠየቅሁም።

እግሯ የተሰበረው በክረምት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከቅዳሴ ተመልሳ በራችን ላይ ያለውን እርጥብ ድንጋይ ስትረግጥ ወደቀች። ድምፁን ሰምቼ ስወጣ በጎኗ ተኝታ፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች ነበር። «ምንም አልሆንኩም፣ አንሺኝ» አለች። ላነሳት ስሞክር ግን እግሯ አልተከተላትም። ከጎን ያለችው ጎረቤታችን፣ አባቶቿ ይህ ሁሉ እርሻ በነበረበት ዘመን እዚሁ ያረሱ፣ ጠንካራ ሴት ናት፤ ሮጣ መጣች። ለሁለት ተሸክመን አልጋዋ ላይ አስተኛናት።

ቀኝ እግሯ ከግራው አጥሮ፣ ጣቶቹ ወደ ውጭ ዞረው ነበር። እናቴ ልብሷን ገልጣ ጭኗን ዳበሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆየች። ከዚያ «ወልቋል» አለች።

«እትዬ፣ ሐኪም ቤት እንውሰድዎት» አለች ጎረቤታችን።

«ለወለቀ እግር? አንቺስ ባለፈው ትከሻሽ ሲወልቅ የት ነበር የመጣሽው?»

ጎረቤታችን የመጣችው እኛ ቤት ነበር።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ነይ። ተረከዜን በቀኝሽ ያዢ፣ በግራሽ ከጉልበቴ በታች። ቀጥ አድርገሽ ጎትቺ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ መልሺው። እኔ ብጮህም እንዳትለቂ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ይህን አሁን መጻፍ ቀላል ነው። በዚያን ሰዓት ግን አምሳ ዓመት አጥንት የዳበሰች ሴት አልጋ ላይ ሆና እያዘዘችኝ ነበር፤ የምትናገረው በዚያ ሰዎች በሚድኑበት ድምጿ ነበር። የእናቴን ቃል አምኜ የተሳሳትኩበት ቀን አላስታውስም ነበር። ጎረቤታችን ትከሻዋን ያዘችልኝ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች። ጎተትኩ።

አልጮኸችም። እኔ ግን በእጄ ላይ አንድ ነገር ሲፈጭ ተሰማኝ፤ ያ ስሜት እስካሁን ከመዳፌ አልወጣም። ግንባሯ በላብ ተጥለቀለቀ። ነጠላውን ከአፏ አውጥታ «ገባ» አለች። ለቀቅኩት። ልክ ስለቅቀው እግሯ ቀስ ብሎ መልሶ ወደ ውጭ ዞረ።

አየሁት። ሌላ ሰው ባያየው አይደንቅም፤ እኔ ግን የምኖረው እንዲህ ያለውን በማየት ነው። ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ማሽኑን አስቁሜ እመልሰው ነበር። እናቴ ገባ ስላለች ግን ገባ ብዬ ዝም አልኩ፤ ብርድ ልብስም አለበስኳት።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን እቤት ተኛች። ሰፈሩ ሁሉ መጣ። እንቁላል ያመጣ አለ፣ ቅቤ ያመጣ አለ፣ ፌጦ አሽታ የመጣች አለች። «ይማርዎት፣ እርስዎማ ለራስዎ ያውቁበታል» እያሉ ከአልጋዋ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እሷም በጀርባዋ ተኝታ ትቀልዳለች፤ «ደንበኛ ጠፍቶብኝ ራሴን ሰበርኩ» ትላቸዋለች። እነሱ ሲወጡ ፊቷን ወደ ግድግዳው ትመልሳለች። ለመጸዳዳት ስገለብጣት ከንፈሯን ደም እስኪወጣው ትነክስ ነበር። እኔ ፈቃድ ጠይቄ ከሥራ ቀርቻለሁ። በየቀኑ ጠዋት «ዛሬስ?» እላታለሁ፤ «ዛሬ ይሻላል» ትለኛለች። በስድስተኛው ቀን ወገቧ ስር ቆዳዋ ቀላ። በስምንተኛው ቀን ምግብ ተወች።

በአሥረኛው ቀን ጎረቤታችን ገብታ በሩ ላይ ቆመች። እንደ ሌላው ጊዜ አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ሲባል አልሰሙም? እኔ ከዚህ በላይ ዝም አልልም። ነገ ጠዋት ሰው ይዤ እመጣለሁ።» ወደ እኔ ዞራም «አንቺም ልጅ ነሽ፣ ሎሌ አይደለሽም» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ለቀረበኝ ሴት ይህን ማለቷ አናደደኝ። የተናደድኩት እውነት ስለሆነ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት የእድሩን ቃሬዛ ይዘው ሦስት ሰዎች መጡ። እናቴ ስታየው ዓይኗ ፈጠጠ። «እሱን ሳልሞት አልተኛበትም!» አለች፤ ስንለምናትም እምቢ አለች። በመጨረሻ የማጀቱን በር ነቅለን ፍራሽ አነጠፍንበትና በሩ ላይ አስተኝተን ወሰድናት። የኋላ ወንበሩን ያወለቀ ሚኒባስ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ኮብልስቶኑ ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር እጄን ትጨብጠኛለች። ጤና ጣቢያ አይተው ብቻ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፉልን።

ሆስፒታሉ ውስጥ ራጅ ተነሳች። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ምስሉን ኮምፒውተር ላይ አየውና እግሯን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«መቼ ነው የወደቁት?»

«አሥራ አንድ ቀን ሆናት።»

«አሥራ አንድ!» ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማነው የነካው? ወጌሻ ጋ ወስዳችኋቸዋል?»

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ቀደመችኝ። «ማንም አልነካውም፣ ልጄ። ወድቄ ተኛሁ፤ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

እናቴ በቅዳሴና በሕመምተኛ ፊት አትዋሽም ነበር። ያን ቀን በሐኪም ፊት ዋሸች።

ዶክተሩ ቀኝ እጇን ያዘና የተጣመመውን አንጓዋን አየ። «ይሄስ?»

«እሱ ድሮ ነው። ድኗል።»

«እማማ፣ ይሄ በደንብ አልዳነም። ያን ጊዜ መጥተው ቢሆን ኖሮ የአጥንት መሳሳት እንዳለብዎት እናይ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሴት በትንሽ ነገር አንጓዋ ከተሰበረ ቀጥሎ ጭኗ እንዳይሰበር ነው የምንፈራው። መድኃኒት አለው።»

በምሳ ሰዓት ያወራሁት ተአምር ሁሉ ትዝ አለኝ። በሸምበቆ ያሰርኩት የማስጠንቀቂያ ደወሉን ኖሯል።

እናቴ ግን ሌላ ነገር ፈለገች። «እስቲ አሳየኝ» አለችው። ዶክተሩ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረላት። ነጭ የጭን አጥንት፣ ከላይ አንገቱ ስር ተሰንጥቆ፣ አንዱ በሌላው ላይ ወጥቶ ይታያል። አውራ ጣቷን አንስታ መስታወቱን ነካችው፤ እንደ ልማዷ ዓይኗን ልትጨፍን ስትል ተወችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አጥንትን በዓይኗ አየች።

«ስብራት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ወለቀ ብዬ።»

አልጋ እስኪገኝ፣ ደም እስኪሰጥላት ቀናት ጠበቅን። ደሙን እኔና ጎረቤታችን ሰጠን። እስከዚያው እግሯን በፋሻ ጠቅልለው በገመድ ክብደት አንጠለጠሉበት። እናቴ ገመዱን ተከትላ እስከ ጫፉ አየችውና «አየሽ? እነሱም ይጎትታሉ» አለችኝ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ የሳቅኩት ያኔ ነው። «እነሱ አይተው ነው» አልኳት። ፈገግታዋ ቀረ። «አዎ፣ አይተው ነው» አለች።

ብቻችንን ስንሆን ለምን እንደዋሸች ጠየቅኋት።

«የመጣሁት እግሬን እንዲያዩልኝ ነው፤ ልጄን እንዲቆጡብኝ አይደለም።»

«እኔ ነኝ እኮ የጎተትኩት፣ እማዬ።»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ። በቃ።» ዓይኗን ጨፈነች። ስትጨፍን ነገሩ ያበቃል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ብረት ገባላት፤ ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ስትወጣ ዶክተሩን ኮሪደር ላይ አስቁሜ እውነቱን ነገርኩት። ያን ቀን ባልጎትተው ኖሮ እንደ ድሮዋ ትራመድ ነበር ወይ አልኩት። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «መጎተቱ ሊያባብሰው ይችላል» አለ። «ምን ያህል እንደጎዳት ግን እኔም አላውቅም። አሥራ አንዱ ቀን ጎድቷታል፤ ያን አውቃለሁ።» ይህን መልስ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ፤ አሁንም ይዤው እኖራለሁ።

እናቴ ዛሬ ዎከር በሚሉት ባለ አራት እግር መደገፊያ ነው የምትሄደው። ቀኝ እግሯ በሁለት ጣት ያጥራል። በሰቃ ያለው ጫማ ሰሪ ለቀኝ ጫማዋ ወፍራም ሶል ደርቦ ሰፋላት። ቤተ ክርስቲያን የምትደርሰው በባጃጅ ነው፤ መስገድ አትችልም፤ ከቅጥሩ ስር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሌሎች ሲሰግዱ አንገቷን ብቻ ዝቅ ታደርጋለች። ያን ጊዜ ፊቷን ማየት አልወድም። የአጥንት መድኃኒቷን በየሳምንቱ እኔ በእጄ እሰጣታለሁ፤ ለክትትልም በቀጠሮዋ ቀን እወስዳታለሁ። አንድም ቀጠሮ አላሳለፍኩም። ዘግይቼ የመጣሁ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ግን አሁን ምንም አያመልጠኝም።

ሥራዋንም ተወች። በሩን የሚያንኳኩትን «ሄዳችሁ ራጅ ተነሱ» እያለች ትመልሳለች። አንዳንዱ ያኮርፋል፤ አንዳንዱ «አረጁ» ብሎ ያማታል። ስለ እግሯ የሚጠይቃትን ሁሉ «ወደቅኩ» ብላ ታልፋለች። ስለዚያ ቅዳሜ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሁለት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ባጃጅ በራችን ላይ ቆመች። ከኋላ ወንበሩ ላይ አንዲት አሮጊት በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ጭንቅላታቸውን ያቀፈችው ልጃቸው የእኔ እኩያ ናት። ከቂሊንጦ አካባቢ ነው የመጡት። ልጅቷ «የእናትሽ እጅ የታወቀ ነው ብለው ሰዎች ልከውን ነው» አለችኝ። እናቴ በዎከሯ እስከ በሩ ወጣች። የአሮጊቷን ሁለት እግሮች ጎን ለጎን አየች። አንዱ አጥሯል፤ ጣቶቹ ወደ ውጭ ዞረዋል። እኔም አየሁ።

«እናትሽን ይዘሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ» አለቻት እናቴ። «አሁን።»

አሮጊቷ ከባጃጁ ውስጥ እጃቸውን ዘረጉ። «ኧረ እህቴ፣ ወልቆ ነው። ሆስፒታል አልሄድም፤ የሄደ አይመለስም። ያንን እጅሽን አንድ ጊዜ ብቻ አሳርፊበት። ጎትቺልኝ፣ እችለዋለሁ።» ልጃቸውም ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ ሐኪም ቤት እምቢ አሉኝ፤ እባክዎት፣ እርስዎን ብቻ ነው የሚሰሙት» አለች።

እናቴ እጇን አልዘረጋችም። ዎከሯን ወደ ጎን አድርጋ ቀኝ እግሯን ወደፊት አወጣች። ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰብስባ ያንን ወፍራም ሶል፣ ያንን ረጅም ጠባሳ አሳየቻቸው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ነበር፤ ግድ አልነበራትም።

«እኔም ወልቋል ብዬ ነበር» አለች። «ጎትቺ አልኳት፤ ይቺ ልጄ ጎተተች። ሳይገባ ገባ አልኳት። አሥራ አንድ ቀን ዛሬ ይሻላል እያልኩ አታለልኳት።» ከዚያ አሮጊቷን ተወችና ወደ ልጅቷ ዞረች። «እናትሽን አትስሚያት። የእኔዋ ሰማችኝ።»

ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ለባጃጁ ሹፌር «ወደ ሆስፒታል» አለችው። እኔ ወደ ቤት ገብቼ ሸምበቆ አላመጣሁም፤ ነጠላዬን ብቻ ለበስኩና ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ሆስፒታሉን፣ በሩን፣ ራጅ የሚነሱበትን ክፍል አውቀዋለሁ። የአሮጊቷን ተረከዝ በቀኜ፣ ከጉልበታቸው በታች ደግሞ በግራዬ ያዝኩ፤ እናቴ እንዳሳየችኝ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ እጆቼን አየቻቸው።

«አጥብቀሽ ያዢ» አለችኝ። «እንዳትጎትቺ።»

እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ፣ በዚያ ሁሉ ኮብልስቶን ላይ፣ እግራቸው አልተንቀሳቀሰም።